«የለብንም» በእንግሊዝኛ ሁለት ነው

በዚህ እትም የማቀርብላችሁ ባለፈው የእንግሊዝኛ የንግግር ፈተና ላይ የተሳሳትኳቸውን ነው። ከ10 ያገኘሁት 5 ነው። መምህራችን ስህተቴን አንድ በአንድ ስላስረዱኝ ለእናንተም ይጠቅማል ብዬ ጻፍኩት።

የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ትምህርት ቤት ደንብ ነበር። ማርፈድ ክልክል ነው፣ ግድግዳ ላይ መጻፍ ክልክል ነው እያልኩ ደህና ሄድኩ። ከዚያ «ቅዳሜ ለማጠናከሪያ ስንመጣ ዩኒፎርም መልበስ የለብንም» ልል ፈልጌ «ዊ ማስንት ዌር ዩኒፎርም» አልኩ። መምህራችን መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «ታዲያ ቅዳሜ ዩኒፎርም ለብሶ የመጣ ይቀጣል?» አሉኝ።

ነገሩ የመጣው ከአማርኛችን ነው። «መኮረጅ የለብንም» ስንል ክልክል ነው ማለታችን ነው። «ቅዳሜ ዩኒፎርም መልበስ የለብንም» ስንል ግን ግዴታ አይደለም፣ የፈለገ ይልበስ ማለታችን ነው። ቃሉ አንድ ነው፤ ሰሚው ከነገሩ ይረዳዋል። እንግሊዝኛ ግን ይለያቸዋል። ለክልክሉ «ማስንት»፣ ግዴታ ላልሆነው «ዶንት ሀቭ ቱ» ይባላል። የሚገርመው «ማስት» እና «ሀቭ ቱ» ያለ «ኖት» ሲሆኑ ሁለቱም «አለብን» ናቸው፣ ብዙም አይራራቁም። «ኖት» ሲገባባቸው ነው የሚለያዩት።

እኔ አሁን ከመናገሬ በፊት «ባደርገው እቀጣለሁ?» ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ። አዎ ከሆነ «ማስንት»፣ ካልሆነ «ዶንት ሀቭ ቱ»። እስቲ እናንተም በእነዚህ ሞክሩ፦ ክፍል ውስጥ ማስቲካ ማኘክ የለብንም። ለእያንዳንዱ ትምህርት አዲስ ደብተር መግዛት የለብንም። የሰው ላጲስ ሳናስፈቅድ መውሰድ የለብንም። (ሁለተኛዋ ከሌሎቹ ትለያለች።)

ሁለተኛው ጥያቄ ስለማንረሳው መምህር ነበር። እኔ የመረጥኩት አራተኛ ክፍል እንግሊዝኛ ያስተማሩንን፣ አሁን ወደ ሌላ ትምህርት ቤት የተዛወሩትን መምህር ነው። ግን «ሂ» ማለት ከአፌ አልወጣ አለ። እሳቸውን «እሱ» እንደማለት ሆነብኝ። ስለዚህ «ዘይ ዌር ቬሪ ካይንድ» አልኩ። መምህራችን «ስንት ነበሩ?» ሲሉ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ለካ እንግሊዝኛ «እሱ» እና «እሳቸው» ብሎ አይለይም። ርዕሰ መምህሩም «ሂ» ናቸው፣ ታናሽ ወንድሜም «ሂ» ነው። አክብሮቱ የሚታየው በአጠራሩ ነው። የእንግሊዝ አገር ተማሪዎች ወንዱን መምህር «ሰር»፣ ሴቷን «ሚስ» ብለው ይጠራሉ። «ቲቸር! ቲቸር!» የእኛ ነው።

አስተካክዬ «ሂ ዋዝ ኤ ካይንድ ማን» ስል ደግሞ «ውይ፣ አረፉ እንዴ?» አሉኝ። ደግነታቸው ዛሬም ስላለ «ሂ ኢዝ» ማለት ነበረብኝ። ያለፈው ማስተማራቸው ነው፤ እሱን «ሂ ዩዝድ ቱ ቲች አስ» ይሉታል፣ ያስተምሩን ነበር ለማለት።

ከሁሉ የሚቆጨኝ ግን ዋናውን ነገር ሳልናገር መውጣቴ ነው። አራተኛ ክፍል ስንጀምር በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ አማርኛ የተናገረ ስሙ ይጻፍ ነበር። ውጤቱ ምን ሆነ? እንግሊዝኛ የተናገረ አልነበረም፣ ሁላችንም ዝም አልን። እሳቸው ሲመጡ የስም ዝርዝሩን ቀደው ጥቁር ሰሌዳው ላይ አንድ ደንብ ጻፉ፦ የሳቀ ቀጥሎ ይናገራል። እኔ በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ቆሜ ስለ አያቴ በግ ተናገርኩ። «ሺይፕ» ሳብ ተደርጎ ሲባል በግ ነው፣ «ሺፕ» በአጭሩ ከተባለ መርከብ። እኔ አሳጠርኩት። አያቴ መርከቡን ሳር ታበላዋለች አልኩ ማለት ነው። አንድ ልጅ ሳቀና ቀጥሎ እሱ ተነሳ። የእሱ ከእኔ ባሰ።

ይህን ሁሉ ትቼ ከመጽሐፍ የሸመደድኩትን ነው ፈተናው ላይ የደገምኩት፤ እሱም መሃል ላይ ጠፋኝ። እህቴ የምትዘጋጅበት አይኤልትስ የሚባል ፈተና አለ። የንግግሩ ሁለተኛ ክፍል ላይ ካርድ ይሰጥሻል፣ 1 ደቂቃ ማስታወሻ ጽፈሽ ትዘጋጂያለሽ፣ ከዚያ እስከ 2 ደቂቃ ትናገሪያለሽ። እሷ ሙሉ ዓረፍተ ነገር አትጽፍም፣ ቃል ብቻ ነው የምትጽፈው። ስትጽፍ ጊዜው ያልቃላ!

መምህራችን ሐሙስ ድጋሚ እንደሚፈትኑኝ ነግረውኛል። ወረቀቴ ላይ ሦስት ቃል ጽፌያለሁ፦ ዝርዝር፣ ሳቅ፣ በግ። በግ የሚለው አጠገብ ረጅም መስመር አስምሬበታለሁ፣ ሳብ አድርጌ እንድጠራው።