ሰማይ ሲለወጥ ዕቅዳችን ምን ይሆናል?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ተማሪ ለጉዞ ሲነሣ ብዙ ነገር ያስባል። ገንዘብ ያዋጣል፣ መኪና ይከራያል፣ ዳቦና ቆሎ ያዘጋጃል፣ መዝሙር ያጠናል። አንድ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ሳይታሰብበት ይቀራል፤ ይኸውም ሰማዩ ነው። ጠዋት ብራ ሆኖ ከቀትር በኋላ የሚጠቁር ሰማይ የስንቱን ዕቅድ እንዳፈረሰ የአምቦና የአካባቢው ወጣት ያውቀዋል። እንግዲህ አየሩ ለምን እንደሚለወጥ፣ ሲለወጥ ምን ማድረግ እንደሚገባና የፈረሰ ዕቅድ ለክርስቲያን ምን እንደሚያስተምር በአጭሩ እንመልከት።

1. የወንጪ አየር ለምን ቶሎ ይለወጣል?

ሐሮ ወንጪ፣ ማለትም የወንጪ ሐይቅ፣ በአምቦና በወሊሶ መካከል ባለው ደጋ ላይ ይገኛል። ጥንት እሳተ ገሞራ በፈጠረው ጎድጓዳ ስፍራ ውስጥ ያለ ሐይቅ ሲሆን፣ በደሴቱ ላይ የቂርቆስ ገዳም አለ። አምቦ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትሆን የወንጪ ገደል አፋፍ ግን ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። አየር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ 6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀዘቅዝ፣ አምቦ ላይ በሸሚዝ የሚሄድ ሰው ወንጪ ላይ ጋቢ ያምረዋል።

ጠዋት ፀሐይ ተዳፋቱን ታሞቃለች። የሞቀው አየር እርጥበቱን ይዞ ተራራውን እየተከተለ ይወጣል፤ ከፍ ሲል ይቀዘቅዛል፤ እርጥበቱም ደመና ይሆናል። ስለዚህ በበልግና በክረምት፣ ጠዋት የጠራው ሰማይ ከቀትር በኋላ ነጎድጓድና በረዶ ሊያወርድ ይችላል። ሐይቁ ዳር የቆመ ሰው ደግሞ ዙሪያው ገደል ስለሆነበት ደመናው ከአፋፉ ብቅ እስኪል አያየውም። ዝናቡ ድንገት የመጣ ይመስለዋል እንጂ ከጠዋት ጀምሮ ሲዘጋጅ የቆየ ነው።

2. ምን ማድረግ ይገባል?

በአንድ የግንቦት ቅዳሜ እኛ ተማሪዎች ወደ ገዳሙ ለመሻገር ሐይቁ ዳር ደርሰን ነበር። ጀልባ የሚቀዝፉት አባት ወደ አፋፉ ተመለከቱና፣ «ልጆቼ፣ ዛሬ ውኃው ላይ አልወጣም» አሉን። ከመካከላችን ብዙዎች ተቆጡ። ሁለት ወር ያዋጣነው ገንዘብ ነው፣ ገዳሙም እዚያው ፊት ለፊታችን ይታያል፣ ፀሐይዋም ገና አልጠለቀችም። ከእኛ ጋር ግን አስም ያለባት እኅት ነበረች። ስለ እርሷ ሲባል ተመለስን። ዳገቱን ሳንጨርስ በረዶው ወረደ። አንዲት እናት ወደ ቤታቸው አስገብተው እሳት አነደዱልን፣ ድንችም ቀቀሉልን። እኛ ስለ ቀረብን ጉዞ ስናጉረመርም እርሳቸው በሩ ላይ ቆመው ፈጣሪን ያመሰግኑ ነበር። ለካ የገብሱና የድንቹ ማሳ ሦስት ሳምንት ዝናብ ሲጠብቅ ኖሯል።

ከዚህ የሚከተሉትን እንማራለን፦

ሀ/ ጉዞ በማለዳ ይጀመር፤ ከቀኑ 7 ሰዓት በፊት ከሐይቁና ከአፋፉ ለመራቅ ይታቀድ።

ለ/ «እንመለስ» የሚለው ቃል የማን እንደሆነ ሳይነሡ ይወሰን። ውሳኔውም የሚለካው በብርቱው ጉልበት ወይም በተዋጣው ገንዘብ ሳይሆን በደካማው አቅም ነው።

ሐ/ የረጠበ የጥጥ ልብስ ሙቀት አይጠብቅም፤ ሹራብና የዝናብ ልብስ ይያዝ።

መ/ ከመብረቁ ብልጭታ እስከ ድምፁ ያለው ጊዜ ይቆጠር፤ 3 ሰከንድ ማለት 1 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ነጎድጓድ ከተሰማ ግን መብረቁ ሊደርስ ይችላልና ከውኃ መውጣት፣ ለብቻው ከቆመ ዛፍም መራቅ ያስፈልጋል። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ መልካም ነው።

3. የፈረሰ ዕቅድ ምን ያስተምራል?

ቅዱስ ጳውሎስ በቀርጤስ ሳለ የመርከብ ጉዞው ጊዜ እንዳለፈ አስጠንቅቆ ነበር (ሐዋ. 27)። የመቶ አለቃው ግን የመርከቡን መሪና ባለቤት ሰማ። ለስላሳ የደቡብ ነፋስ ስለነፈሰላቸው ያሰቡት የተሳካ መሰላቸው። ብዙ ሳይቆይ ዐውሎ ነፋስ ተነሣ፤ 14 ቀን ተንገላቱ፤ በመላጥያ መርከቡ ተሰበረ። 276ቱ ሰዎች በእግዚአብሔር ቸርነት ዳኑ። እነዚያን ሰዎች ያታለላቸው ማዕበሉ ሳይሆን ከማዕበሉ በፊት የነፈሰው ለስላሳ ነፋስ ነው። እኛንም የሚያታልለን የጠዋቱ ብራ ነው።

ይህ ማለት ግን ደመና ባየን ቁጥር ከቤት አንውጣ ማለት አይደለም። ነፋስን ብቻ የሚጠባበቅ ገበሬ እንደማይዘራ መጽሐፍ ይነግረናል (መክ. 11፥4)። ሐዋርያው ያዕቆብም ያስተማረው ማቀድን እንድንተው ሳይሆን ዕቅዳችንን በጌታ ፈቃድ ሥር እንድናደርግ ነው (ያዕ. 4፥13-15)። እንዲህ ያቀደ ሰው መመለስ እንደ ሽንፈት አይቆጠርበትም።

ደግሞም በቅዳሴ ስለ ዝናምና ስለ ምድር ፍሬ እንጸልያለን። ዝናሙ በወረደ ጊዜ ጉዟችንን ስላበላሸ ብናጉረመርም፣ የለመንነውን ሲሰጠን መልሰን እንደ መክሰስ ነው። ገዳሙ ሌላ ቀን ይጠብቀናል፤ የገበሬው ማሳ ግን ሌላ ቀን ላይጠብቅ ይችላል። ስለዚህ ለጉዞ ስንጸልይ ብራ ብቻ አንለምን። ሰማዩን የሚያይ ዓይን፣ ለደካማው የሚራራ ልብ፣ ለሌላው በወረደው በረከትም የሚደሰት መንፈስ እንዲሰጠን እንለምን።

የመወያያ ጥያቄዎች

1/ በሚመጣው ጉዟችን «እንመለስ» የሚለው ማን ይሁን? ለምን?
2/ ለእኛ ኪሳራ የመሰለን፣ ለጎረቤታችን ግን በረከት የሆነ ነገር አጋጥሞን ያውቃልን?
3/ ሐዋ. 27ን አንብባችሁ የመቶ አለቃው ለምን ጳውሎስን እንዳልሰማ ተወያዩ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።