«ጾምን ከመጽሐፍ ቅዱስ አወጡት» ከማለታችን በፊት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

 ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ቅዳሴው በሥራ ቀን የሚገባው ከቀትር በኋላ ስለሆነ፣ እዚህ እንጅባራም ሆነ ዳንግላ ሕዝቡ ቀደም ብሎ መጥቶ በዐጸዱ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ይጠብቃል። ዳዊት የሚደግመው ይደግማል፣ ሌላው መጽሐፍ ቅዱስ ይገልጣል፣ ወጣቱ ስልኩን ያወጣል። መጽሐፍ ሲበዛ ታዲያ ጥያቄውም ይበዛል። «የእኔና የእርሷ መጽሐፍ ቅዱስ ለምን አንድ አይልም?» የሚለው በየዓመቱ ይመጣል።

በአንድ የጾም ሰሞን የሆነውን ልንገራችሁ። አንድ ወጣት ማርቆስ 9፥29ን ከስልኩ አነበበ። ጌታችን ስለዚያ ክፉ መንፈስ ለደቀ መዛሙርቱ የመለሰላቸው መልስ ነው። ስልኩ ጸሎትን ብቻ ይላል። አጠገቡ የተቀመጡ እናት የቆየ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ገለጡ፤ የእርሳቸው ጸሎትና ጾም ይላል። ከዚያማ ምን ይጠየቃል! አንዱ «ጾምን አውጥተውታል፣ የመናፍቃን ሥራ ነው» አለ፤ ሌላው ደግሞ «እንግዲያው ጾም ድሮም አልነበረም፣ በኋላ የተጨመረ ነው» ብሎ መለሰ። ሁለቱም የአንድ ጽዋ ማኅበር አባላት ናቸው፤ ሳምንት ሙሉ ሰላም ሳይባባሉ ቆዩ። ጾም ያስታርቃል ሲባል ጾም አጣላቸው።

እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው።

ማተሚያ ከመምጣቱ በፊት መጽሐፍ የሚባዛው በእጅ ነበር። የእኛን አገር ቁም ጸሐፊ አስቡት፤ ብራናውን ዘርግቶ፣ መቃ ብዕሩን ቀርጾ፣ አንዱን መጽሐፍ እያየ ሌላውን ይጽፋል። ሲደክመው መስመር ሊዘል ይችላል። ሁለት መስመር በአንድ ዓይነት ቃል ካለቀ ዓይኑ ከላይኛው ወደ ታችኛው ይወርዳል። ወይም ደግሞ መምህሩ በኅዳጉ ላይ የጻፈውን ማብራሪያ የንባቡ ክፍል መስሎት ወደ ውስጥ ያስገባዋል። ይህ በኢትዮጵያ ብቻ ሳይሆን በግሪኩም፣ በሱርስቱም፣ በቅብጡም የሆነ ነው። የእኛ ሊቃውንት ደግሞ ይህን አይደብቁትም። አንድምታ ትርጓሜ የተማረ ሰው እንደሚያውቀው መምህራኑ ንባቡ በሌላ መጽሐፍ ለየት ብሎ ሲገኝ «ሌላ አብነት» ብለው ያነሡታል፣ ለዚያኛውም ትርጉም ይሰጡታል። እንግዲህ መጻሕፍትን ማስተያየት ከፈረንጅ የመጣ አዲስ ነገር አይደለም ማለት ነው።

አሁን ወደ ማርቆስ 9፥29 እንመለስ። ሙሉውን ወይም አብዛኛውን መጽሐፍ ቅዱስ ከያዙት የግሪክ ብራናዎች እጅግ ጥንታውያን የሚባሉት ሁለት ናቸው። አንደኛው በሮም ቫቲካን ይገኛል፤ ሁለተኛው በደብረ ሲና በቅድስት ካትሪን ገዳም የተገኘው ነው። ሁለቱም የ4ኛው መቶ ዓመት ናቸው። በእነዚህ ላይ መጀመሪያ የጻፈው እጅ ማርቆስ ላይ ጸሎትን ብቻ ጽፏል፤ በማቴዎስ ደግሞ 17፥21 ጨርሶ የለም። በሲናው ብራና ላይ ግን በኋላ ያረመ ሌላ እጅ ሁለቱንም ቦታ ጨምሮታል። ከዚያ ወዲህ ያሉት እጅግ ብዙዎቹ የግሪክ ብራናዎች ጾምን ይዘዋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማይሰማው አንድ ነገር አለ፤ ከሁለቱ ብራናዎች የሚቀድም፣ የ3ኛው መቶ ዓመት የሆነ ከግብፅ የተገኘ የፓፒረስ ቁራጭ አለ። የተበጣጠሰ ስለሆነ ፊደሉ ሁሉ አይታይም፤ ያጠኑት ሊቃውንት ግን ማርቆስ ላይ ጾም የሚለው ቃል የነበረበት ይመስላል ይላሉ። ስለዚህ «ጥንታዊው ሁሉ ጾም አይልም» ብሎ አፍ ሞልቶ መናገር አይቻልም።

አዲሶቹ ተርጓሚዎች ብዙውን ጊዜ ሁለቱን ብራናዎች ይከተሉና ጾም የሚለውን ወደ ግርጌ ያወርዱታል። በ1954 ዓ.ም. የታተመው አማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ግን በማቴዎስም በማርቆስም ይዞታል። በቤተ ክርስቲያናችን ሲነበብና ሲተረጎም የኖረውም ጾምን የያዘው ንባብ ነው። እኔም በዐውደ ምሕረት የማነበው ይኸንኑ ነው። ነገር ግን ግርጌ ላይ ያወረደውን ሰው ሁሉ «ጾምን ጠልቶ ነው» ማለት ሐሰት መናገር ነው። በጾም ሐሰት ደግሞ ከሥጋ መብላት አይተናነስም።

ተመሳሳይ ልዩነት ያለባቸውን ሌሎች ሁለት ቦታዎችም ልጠቁማችሁ፣ ነገ ሰው አሳይቶ እንዳያስደነግጣችሁ። እነርሱም የሐዋርያት ሥራ 10፥30 እና 1ኛ ቆሮንቶስ 7፥5 ናቸው። እንግዲህ አራት ቦታ ሆነ። አራቱንም ወደ ጎን አድርጉና የቀረውን ቁጠሩ። ጌታችን በገዳመ ቆሮንቶስ አርባ ቀን መጾሙ በማቴዎስ 4 አለ። ስንጾም እንዴት መሆን እንዳለብን ያስተማረው ትምህርት በማቴዎስ 6 አለ። በሐዋርያት ሥራ 13 የአንጾኪያ ቤተ ክርስቲያን እየጾመች እነ ጳውሎስን ስትልክ እናያለን። ከብሉይ የነነዌ ጾም፣ ኢዩኤል 2፣ ኢሳይያስ 58 አሉ። እነዚህን ጾም የሌለባቸው አድርጎ የሚያነብ ዕትም የለም። ጾማችን በአንድ ጥቅስ ክር የተንጠለጠለ ነው ያለን ማን ነው?

ስለ ስልክም አንድ ነገር ልበል። የ1954ቱ ዕትም ቃሉን በ«ጦ» የሚጽፍበት ቦታ አለ፤ «ጦም» ይላል። በስልክ መፈለጊያው ላይ «ጾም» ብላችሁ ብትጽፉ ይህን አያመጣላችሁም። አንዲት እኅት በዚህ ምክንያት «ከስልኬ ላይ ጾም ሁሉ ጠፍቷል» ብላ ተደናግጣ መጥታ ነበር። «ጦም» ብለን ስንፈልገው ግን ሁሉም በየቦታው አለ።

ለመሆኑ ይህ አማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ከየት መጣ? ከግእዙ ጋር ሲተያይ እጅግ ልጅ ነው። ሙሉው መጽሐፍ መጀመሪያ ወደ አማርኛ የተመለሰው በካይሮ ነው። አቡ ሩሚ የሚባል ኢትዮጵያዊ አስሊን ከተባለ የፈረንሣይ ቆንስል ጋር በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማክሰኞና ቅዳሜ፣ እየተቀመጡ ዐሥር ዓመት ያህል ሠሩ። በእጁ የጻፈው 9,539 ገጽ ሆነ። ዐሥር ዓመት! እኛ አንድ ወንጌል በጾም መጨረስ ያቅተናል። የእንግሊዝ መጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ጽሑፉን በ1820 (በአውሮፓውያን) ገዛው፤ ወንጌሎቹ በ1824፣ ሐዲስ ኪዳኑ በ1829፣ ሙሉው በ1840 ታተሙ። በኋላም ክራፕፍ የሚባለው ጀርመናዊ ሚሲዮናዊ ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ አረመው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ደግሞ የአገራችን ሊቃውንት ሠሩበት፤ ብዙዎቻችን ቤት ያለው የ1954ቱም የዚያ ዘመን ሥራ ነው። ከዚያ በ2000 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያናችን 81ዱን መጻሕፍት አሳትማለች፤ በዚህኛው ብሉይ ኪዳኑ ግእዙንና የሰባ ሊቃናትን የግሪክ ትርጉም የተከተለ ነው።

ልዩነቱ በብዛት የሚመጣው ከዚህ ላይ ነው፤ ብሉይ ኪዳን አንዱ ከዕብራይስጥ፣ አንዱ ከሰባ ሊቃናት ይቀዳል። የያዛችሁት ከየትኛው እንደሆነ ለማወቅ ዘፍጥረት 5፥3ን ግለጡ። አዳም ሴትን ሲወልድ ዕድሜው 230 ካለ ሰባ ሊቃናትንና ግእዙን ተከትሏል፤ 130 ካለ ዕብራይስጡን። መላ ዕድሜው ግን በሁለቱም 930 ነው። ከአዳም እስከ ክርስቶስ 5500 ዘመን የምንለው ባሕረ ሐሳባችን የቆመው በመጀመሪያው ቁጥር ላይ ስለሆነ፣ በሁለተኛው የሚቆጥር ሰው ሒሳቡ አይገጥምለትም። ስለ ሮሜ 8፥34 እንድጽፍ የጠየቃችሁኝ አላችሁ፤ እርሱ የትርጓሜ መምህራንን የሚሻ ሰፊ ነገር ስለሆነ እዚህ በሁለት መስመር አላበላሸውም።

ለሚጸልይ ሰው ከሁሉ የሚብሰው ግን የዳዊት ቁጥር ነው። የንስሐ አባታችሁ «ዳዊት 50ን ድገሙ» ቢሏችሁ፣ እርሳቸው የሚያስቡት ዳዊት ስለ ኃጢአቱ ያለቀሰበትን መዝሙር ነው። በዕብራይስጡ አቆጣጠር ግን ያ መዝሙር 51 ነው፤ 50ኛው እግዚአብሔር በሕዝቡ ላይ ለፍርድ ስለ መምጣቱና ስለ መሥዋዕት ይናገራል። በሌሊት ፍርሃት ለያዘው ሰው የሚታዘዘው 90 በዕብራይስጡ 91 ነው። በዚያኛው ቁጥር 90ን የገለጠ ሰው የሚያገኘው የሰው ዕድሜ እንዴት አጭር እንደሆነ የሚናገረውን የሙሴን ጸሎት ነው፤ ፈርቶ ለነቃ ሰው ይህ ይነበባል? በዕለተ ስቅለት የምናስበው የመከራው መዝሙር 21 ነው፤ በዕብራይስጡ 22። ያንን ትቶ በሌላኛው ቁጥር 21 የገለጠ ሰው የንጉሥን ደስታ ሲያነብ ይውላል።

ይህ እንዴት ሆነ? በዕብራይስጡ 9 እና 10 የሆኑት ሁለት መዝሙሮች በሰባ ሊቃናት አንድ ናቸው። ከዚያ ወዲህ የእኛ ዳዊት በአንድ ቁጥር ወደ ኋላ ይሄዳል። 114 እና 115 ደግሞ በእኛ አንድ ላይ 113 ናቸው፤ ወዲያው 116 ለሁለት ተከፍሎ 114 እና 115 ይሆናል። መጨረሻ አካባቢ 147 ለሁለት ተከፍሎ 146 እና 147 ይሆንና ቁጥሩ ይገጥማል። 148፣ 149፣ 150 በሁሉም ዘንድ አንድ ናቸው። ከዚያ በላይ 151ኛው፣ ስለ ጎልያድ የሚናገረው፣ በዕብራይስጡ የለም። ዳዊትን ዐሥር ዐሥሩን ቆጥረን «ንጉሥ» እያልን የምንደግም ሰዎች በሌላው ቁጥር ከሄድን ንጉሡ ሁሉ በአንድ ይዛነፋል።

በዚህ ላይ የግእዙ ዳዊት ብቻውን አይደለም። ጸሎተ ነቢያት፣ መኃልየ መኃልይ፣ ውዳሴ ማርያምና አንቀጸ ብርሃን አብረውት ይጠረዛሉ። በአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ያለው ዳዊት እነዚህን በዚያ ቦታ አይዝም። ስለዚህ አማርኛውን ይዞ «ዳዊቴን ጨረስኩ» የሚል ሰውና ግእዙን የሚደግም ሽማግሌ የሚሉት ነገር አንድ አይደለም፤ ማንም ግን ከማንም አልቀነሰም። የግእዝ ዳዊት በመኪና መታተም የጀመረው በሮም በ1513 (በአውሮፓውያን) ነው፤ በግእዝ ከታተሙት መጻሕፍትም የመጀመሪያው እርሱ ነው። ከዚያ ብዙ ዘመን በኋላ በአዲስ አበባ እነ ተስፋ ገብረ ሥላሴ እያተሙ በየቤታችን አዳረሱት።

አሁን የሚያሳዝነኝ ነገር፣ በገበያ ከሚሸጡት የጸሎት መጻሕፍት አንዳንዶቹ ከየትኛው አብነት እንደ ተቀዱ፣ ማን እንዳረማቸው አንድ መስመር አይጽፉም። ስልክ ላይ ያለውማ የፊት ገጽ እንኳ የለውም። መጽሐፍ ስትገዙ ከሽፋኑ ሥዕል በፊት የውስጡን ገጽ ግለጡ፤ የታተመበትን ዓመትና የአሳታሚውን ስም እዩ።

እኛ በአዊ ያለን ሰዎች ይህን ለመረዳት ልንቸገር አይገባም። ብዙዎቻችን ቤት በአገውኛ እናወራለን፣ ቤተ ክርስቲያን ግእዝ እንሰማለን፣ በአማርኛ እናነባለን። ከጉባኤ ተመልሶ ስብከቱን ለአያቱ በአገውኛ የነገረ ልጅ፣ አንዱ ቃል በሁለት መንገድ ሊባል እንደሚችልና የትኛውን እንደሚመርጥ ሲጨነቅ እንደ ነበር ያውቃል። አያቱም «ሰባኪው እንዲህ አላለም» ብለው አይጣሉትም፤ «ደግመህ በለው» ይሉታል።

የቆየ መጽሐፍ ቅዱስ ወይም የአባት የብራና ዳዊት ያላችሁ ደግሞ «ከአዲሱ ጋር አይገጥምም» ብላችሁ እንዳትጥሉት፣ ለሚዞር ነጋዴም እንዳትሸጡት። ወደ መሪጌታው ወስዳችሁ አሳዩት።

በአማርኛው ለምትጸልዩ የሚከተለውን አድርጉ። እርሳስ ያዙ፤ እስክሪብቶ አይሁን። መጀመሪያ ዳዊት 50 ብላችሁ የምታውቁት የንስሐ መዝሙር በእናንተ መጽሐፍ ስንተኛ ላይ እንዳለ እዩ። 51 ላይ ካገኛችሁት መጽሐፋችሁ የሚቆጥረው በዕብራይስጡ ነው፤ እንግዲህ ከ11ኛው ጀምራችሁ በየመዝሙሩ ራስ ላይ አንድ የቀነሰውን ቁጥር በትንሹ ጻፉ። 113 ላይ ስትደርሱ ቆም በሉና ከላይ ያልኩትን አይታችሁ ቀጥሉ። አንዳንድ ዕትም ሁለቱንም ቁጥር 50(51) እያለ አስቀድሞ አትሞታል፤ ያ ካላችሁ ድካም የለባችሁም። ለ148፣ ለ149ና ለ150 ምንም መጻፍ አያስፈልግም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።