ብሉበርድን በምን ልለየው?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ ነው፤ ወፍ መመልከት የጀመርኩት በቅርቡ ነው። ጓሮዬ የሚመጣውን ባለ ቁንጮ ሰማያዊ ወፍ ብሉበርድ ነው ስል ጎረቤቴ “አይደለም” አሉኝ። በምን ልለየው? የትስ አገኘዋለሁ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ጎረቤትዎ ልክ ናቸው። ባለ ቁንጮው ብሉጄይ ነው። በአካባቢዎ ያለው የምሥራቁ ብሉበርድ ከእሱ በጣም ያንሳል፤ ቁንጮም የለውም። የወንዱ ጀርባ ደማቅ ሰማያዊ፣ ጉሮሮውና ደረቱ የሸክላ ቀለም፣ ሆዱ ነጭ ነው። ሴቷ ግራጫ ትመስላለች፤ ሰማያዊው ጎልቶ የሚታየው ክንፏና ጅራቷ ላይ ነው።

ሰማያዊው ቀለም የሚፈጠረው ላባው ብርሃንን በሚበትንበት መንገድ ስለሆነ፣ ወፉ ጥላ ውስጥ ደብዝዞ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ አስቀድመው ደረቱን ይመልከቱ። ከላይ እስከ ታች ሰማያዊ ከሆነ፣ ምናልባት በሞቃት ወራት የሚመጣው ኢንዲጎ በንቲንግ ነው።

ብሉበርድ ጥቅጥቅ ያለ ደን አይወድም። ዛፍ አለፍ አለፍ ብሎ ያለበትን ሜዳ፣ የእርሻ ዳርቻ፣ የመቃብር ስፍራና የጎልፍ ሜዳ ማለዳ ይቃኙ። ሽቦ ወይም የአጥር እንጨት ላይ ተቀምጦ መሬቱን ያያል፤ ነፍሳት ሲያገኝ ወርዶ ይለቅማል። በክረምት ደግሞ በቡድን ሆኖ የዛፍና የቁጥቋጦ ፍሬ ይበላል።

የጎጆ ሣጥን መስቀል ከፈለጉ፣ 3.8 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳ ብሉበርድን አስገብቶ ስታርሊንግ የተባለውን ተቀናቃኙን ያግዳል።

የተጎዳ ወፍ ቢያገኙ ግን እቤት አያሳድጉት፤ በ1918 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ስለሚከለክል፣ ፈቃድ ላለው የዱር እንስሳት ተንከባካቢ ይደውሉ።