የሆስፒታሉ ስክሪን የእናቴን ሕመም ያስታግሳል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምኖረው ቶሮንቶ፣ ዌስተን ውስጥ ነው። የ71 ዓመት እናቴ በቅርቡ በሀምበር ሪቨር ሆስፒታል የጉልበት ቅየራ ቀዶ ሕክምና ይደረግላታል። እዚያ ተኝታ የወጣች ጎረቤታችን በየአልጋው ስክሪን እንዳለ፣ ሕመሙ ሲበረታባት በእሱ ፊልም እያየች ትረሳው እንደነበር አጫወተችን። እናቴ እንግሊዝኛ አትችልም። ምንም ያህል ቢያማት መልሷ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ነው። እንዲህ ያለው ቴክኖሎጂ በእርግጥ ሕመም ይቀንሳል? ወይስ ማስታገሻ መድኃኒት ላለመስጠት መደለያ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ አዎ፣ ሕመም ይቀንሳል። የሚቀንሰው ግን ከመድኃኒቱ ጋር ተጨምሮ እንጂ መድኃኒቱን ተክቶ አይደለም። እናትዎ ስክሪን ስለተሰጣቸው ማስታገሻቸው ሊቀርባቸው አይገባም። ከደብዳቤዎ ውስጥ እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ «ደህና ነኝ» የሚለው መልሳቸው ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ጥያቄ፦ ፊልም ወይም ጨዋታ የተቆረጠ ጉልበትን ሕመም እንዴት ሊቀንስ ይችላል?

መልስ፦ ቁስሉ የሚልከው መልእክት በነርቭ አልፎ፣ በአከርካሪ ውስጥ ወደ አንጎል ይወጣል። በሞንትሪያል የማክጊል ዩኒቨርሲቲው ሮናልድ ሜልዛክ ከፓትሪክ ዎል ጋር እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ይህ መልእክት በአከርካሪ ውስጥ እንደ በር ባለ ነገር እንደሚያልፍ አስረዱ። በሩን ሰፋ ወይም ጠበብ ከሚያደርጉት አንዱ ራሱ አንጎል ነው። ፍርሃትና ጭንቀት ሕመሙን ያብሱታል፤ መረጋጋትና በሌላ ነገር መመሰጥ ያቀልሉታል። ይህ ሲባል ግን ሕመሙ «የሐሳብ ነው» ማለት አይደለም። ሕመሙ እውነተኛ ነው፤ እፎይታውም እውነተኛ ነው።

በ1990ዎቹ አጋማሽ በሲያትል ሀንተር ሆፍማንና ዴቪድ ፓተርሰን የተባሉ ተመራማሪዎች ቁስላቸው ሲታጠብ ለሚሠቃዩ የቃጠሎ ሕሙማን ምናባዊ ዓለም የሚያሳይ የቨርቹዋል ሪያሊቲ መነጽር አደረጉላቸው። በኋላ ለዚሁ ተብሎ በተሠራው ጨዋታ በሽተኛው በበረዶ ሸለቆ ውስጥ እየተጓዘ የበረዶ ኳስ ይወረውራል። ሕመማቸው በግልጽ ቀነሰ። በሎስ አንጀለሱ ሲዳርስ ሳይናይ ሆስፒታል ተኝተው በታከሙ 120 ሕሙማን ላይ የተደረገና በ2019 የታተመ ጥናትም መነጽሩን ከቴሌቪዥን ጋር አወዳድሯል። መነጽሩ የተሻለ ሆኖ ተገኘ፤ ይበልጥ የጠቀመውም ሕመማቸው የበረታባቸውን ነው። በሽተኛው ዝም ብሎ ከሚያየው ይልቅ እጁን የሚያስገባበት ነገር ሐሳቡን ይበልጥ ይይዘዋል።

ጥያቄ፦ እናቴ ጨዋታ አትወድም። ምን ይጠቅማታል?

መልስ፦ የሚወዱት ነገር ይጠቅማቸዋል። በ2015 ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ወደ 7,000 ሕሙማን የተሳተፉባቸውን 73 ጥናቶች ያጠቃለለ ጽሑፍ አውጥቶ ነበር። ከቀዶ ሕክምና በፊት፣ በሕክምናው ጊዜ ወይም ከዚያ በኋላ ሙዚቃ ያዳመጡ ሰዎች ሕመማቸውም ጭንቀታቸውም ቀንሷል፤ የወሰዱት ማስታገሻም አንሷል። እናትዎ የሚወዱትን መዝሙር፣ የዳዊት ንባብ ወይም የድሮ ዘፈን ከነማዳመጫው በስልክ ወይም በታብሌት አዘጋጁላቸው። ከአዲስ አበባ ወይም ከጎንደር የሚደወል የቪዲዮ ጥሪም ቀላል አይደለም። ከአልጋ ሊነሡ ወይም ጉልበታቸውን ሊያንቀሳቅሱ ጥቂት ሲቀራቸው ይከፈትላቸው፤ ሕመሙ የሚበረታው ያኔ ነውና። የቨርቹዋል ሪያሊቲ መነጽር ከቀረበላቸው ግን ማዞርና ማቅለሽለሽ ሊያመጣ ይችላል፤ የሚጥል በሽታ ያለበት ወይም ከቀዶ ሕክምና በኋላ የተምታታበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር ማድረግ የለበትም።

ጥያቄ፦ ሀምበር ሪቨር ውስጥ ምን ይጠብቃታል?

መልስ፦ የዌስተን ሰው ድሮ የሚታከመው እዚያው ቸርች ጎዳና ባለው ሆስፒታል ነበር። በጥቅምት 2015 አገልግሎቱ ዊልሰን ጎዳና ወዳለው አዲስ ሕንፃ ሲዛወር፣ በሰሜን አሜሪካ የመጀመሪያው ሙሉ በሙሉ ዲጂታል ሆስፒታል ተብሎ ተከፈተ። በሽተኛው በአልጋው ስክሪን ፊልም ያያል፣ ስለ ሕመሙ ትምህርት ያገኛል፣ ምግብ ያዝዛል፣ የክፍሉን መብራትና ከመስኮት የሚገባውን ብርሃን ያስተካክላል። ይህ ቅንጦት እንዳይመስልዎት። ሰው ተኝቶ ሁሉ ነገር በሌላ እጅ ሲሆን ይጨንቀዋል፤ ጭንቀትም ሕመምን ያብሳል። እናትዎ እንደገቡ ነርሷ ስክሪኑን እንድታሳያቸው ጠይቁ፤ ከሁሉ በፊት የነርስ መጥሪያውን ይወቁት።

ጥያቄ፦ በሽተኛው ራሱ ተጭኖ መድኃኒት የሚወስድበት ቁልፍ አለ ይባላል። እናቴ ስትተኛ እኔ ልጫንላት?

መልስ፦ በፍጹም። ሐኪሞቹ ይህን ቁልፍ ያለው የመድኃኒት ፓምፕ ከመረጡላቸው፣ ቁልፉን ሲጫኑ እንደ ሞርፊን ያለ ማስታገሻ በተመጠነ መጠን በደም ሥር ይገባል። ቶሎ ቶሎ ቢጫኑት እንኳ ማሽኑ የተወሰነ ደቂቃ ሳያልፍ አይለቅም። ትልቁ ጥበቃ ግን በሽተኛው ራሱ ነው፤ መድኃኒቱ ሲበዛበት እንቅልፍ ይወስደዋል፣ የተኛ ሰው ደግሞ ቁልፍ አይጫንም። ልጅ አዝኖ ሲጫንለት ያ ጥበቃ ይፈርሳል፤ ትንፋሽ እስከ መቆም ሊደርስ ይችላል። ሊነቁ የማይችሉ ከሆነ ወይም ትንፋሻቸው ከዘገየ ወዲያው ነርስ ይጥሩ።

ጥያቄ፦ «ደህና ነኝ» ማለቷን እንዴት እናስተዋት?

መልስ፦ ዋናው ሥራ ይህ ነው። ሕመምን ችሎ መተኛት ጀግንነት ይመስላቸዋል። ሕመሙ ያልታገሠለት ሰው ግን በረጅሙ አይተነፍስም፣ ተነሥቶ አይራመድም፤ ለሳንባ ምችና ለደም መርጋት ይጋለጣል፣ ጉልበቱም ይደርቃል። ስለዚህ ነርሷ ከ0 እስከ 10 ቁጥር ስትጠይቃቸው ምን ማለቷ እንደሆነ አስቀድመው ቤት ያለማምዷቸው፦ 0 ምንም ሕመም የለም፣ 10 ሊታሰብ ከሚችለው ሁሉ የከፋ ነው። ቁጥሩን ተኝተው ሳሉ ብቻ ሳይሆን ሲነሡና ሲራመዱም ይናገሩ። «እግዚአብሔር ይመስገን» ማለታቸውን አይተዉ፤ ቁጥሩን ግን ያስከትሉ።

የአማርኛ አስተርጓሚ አስቀድመው ይጠይቁ። ብዙ እናቶች ልጃቸውን ላለማስጨነቅ በልጃቸው አፍ እውነቱን አያወጡም። ጾም ላይ ከሆኑም ለሐኪሙ ይንገሩ፤ በባዶ ሆድ ጨጓራ የሚጎዱ ማስታገሻዎች አሉ።

የጉልበት ቅየራ የሚደረግላቸው ብዙዎች ዛሬ በአንድና በሁለት ቀን ወደ ቤት ስለሚመለሱ፣ ሥራው እርስዎ ቤት ይቀጥላል። የሕመሙን ቁጥር፣ የመድኃኒቱን ዓይነትና ሰዓት በስልክዎ ይመዝግቡ። በቶሮንቶው የሕፃናት ሆስፒታል ሲክኪድስ ካንሰር ያለባቸው ልጆች ፔን ስኳድ በተባለ የስልክ መተግበሪያ በቀን ሁለት ጊዜ ሕመማቸውን እንዲመዘግቡ የተደረገው ሐኪሙ ትክክለኛውን መጠን እንዲያውቅ ነው። የደረት ሕመም ወይም የትንፋሽ ማጠር ከመጣ ወዲያው 911 ይደውሉ። ባታቸው ካበጠና ካመማቸው ደግሞ ሳያድር ይመርመሩ።

አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብለዋል። የትኛውም ማሽን የሚያውቀው በሽተኛው የነገረውን ነው። እናትዎን ዛሬውኑ ቁጥር ያለማምዷቸው።