ሽያጭና ማርኬቲንግ፦ ከሦስት የቡና ስሞች የምናገኘው ትምህርት

በጋዜጦች ላይ የሚወጡ የክፍት ሥራ ቦታ ማስታወቂያዎችን የሚከታተል ተማሪ ‹‹የሽያጭና ማርኬቲንግ ሠራተኛ›› የሚል የሥራ መደብ ሳያጋጥመው አይቀርም። ሁለቱ ቃላት ተጣምረው ስለሚቀርቡ ብዙዎቻችን አንድ ሥራ በሁለት ስም የተጠራ ይመስለናል። ማርኬቲንግን ‹‹ግብይት›› ብለን መተርጎማችንም ግርታውን ሳያብሰው አልቀረም፤ ግብይት ሲባል ቀድሞ የሚታየን በገበያ ቀን ሻጭና ገዢ ዋጋ ሲከራከሩ ነውና። ስለዚህ እዚህ ላይ የውጭውን ቃል እንዳለ እንጠቀምበታለን።

ሽያጭ በእጅ ያለን ዕቃ ወይም አገልግሎት በተስማሙበት ዋጋ አስረክቦ ገንዘብ መቀበል ነው። ማርኬቲንግ ግን ዕቃው ገና ሳይመረት ይጀምራል፤ ማን ምን እንደሚፈልግ፣ ለምን እንደሚፈልገው፣ በምን ስምና በየት በኩል ቢደርሰው እንደሚመርጠው ያጠናል። የሃርቫርዱ ምሁር ቴዎዶር ሌቪት እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተሙት ታዋቂ ጽሑፍ፣ ሽያጭ ከሻጩ ፍላጎት፣ ማርኬቲንግ ደግሞ ከገዢው ፍላጎት እንደሚነሣ አስረድተዋል።

ትርጉሙ ብቻውን ደረቅ ነውና ወደ ቡናችን እንምጣ።

ለቡና ላኪ ጆንያው መርከብ ላይ ተጭኖ ክፍያው ባንክ ሲገባ ሽያጩ አልቋል። በሌላው የዓለም ጫፍ ያለው ጠጪ ግን የሚገዛው ጆንያ አይደለም። የታጠበ የይርጋጨፌ ቡና አበባና ሎሚ የሚያስታውስ መዓዛ አለው፤ ጠጪው ያን መዓዛ ፈልጎ በማሸጊያው ላይ የሚያነበው ‹‹ይርጋጨፌ›› የሚለውን ስም ነው። ስሙ ገንዘብ ያመጣል፤ ቡናውን አብቅለን ብንሸጥም ስሙ ግን በሕግ የእኛ አልነበረም።

በወቅቱ የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ይባል የነበረው መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2005 ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚሉት ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት እንዲመዘገቡለት አመለከተ። የአሜሪካ ብሔራዊ የቡና ማኅበር ተቃወመ። ኦክስፋም የተባለው ድርጅት በበኩሉ የስሞቹ ባለቤትነት ለአገሪቱ በዓመት 88 ሚሊዮን ዶላር ያህል ተጨማሪ ገቢ ሊያስገኝ እንደሚችል ገምቶ ነበር፤ ግምት መሆኑን ልብ ይሏል። ክርክሩ ከተካረረ በኋላ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2007 ስታርባክስ ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር የፈቃድ፣ የስርጭትና የማርኬቲንግ ስምምነት ተፈራረመ።

መሥሪያ ቤቱ የትውልድ ቦታን የሚያረጋግጥ ምልክት ሳይሆን የንግድ ምልክት የመረጠበትም ምክንያት ነበረው። የማረጋገጫ ምልክት ቢሆን ኖሮ እያንዳንዱ ጆንያ ከተባለው ቦታ መምጣቱን መቆጣጠር ግድ ይሆን ነበር፤ ቡናውን የሚያለሙት ደግሞ በየትናንሽ ማሳቸው የተበተኑ እጅግ ብዙ ገበሬዎች ናቸው።

ከሁሉ ይልቅ እኛን የሚያስደንቀን ግን ሌላ ነው። ይህን ያህል የተደከመላቸው ስሞች ለውጭ ነጋዴዎች የተፈቀዱት ያለ ክፍያ ነበር! በሽያጭ ዓይን ካየነው ይህ ኪሳራ ነው፤ ያለንን ንብረት በነፃ ሰጠን ያሰኛል። በማርኬቲንግ ዓይን ግን ስሌቱ ይለወጣል። ፈቃድ የወሰደው ነጋዴ ስሙን በማሸጊያው ላይ ይጽፋል፤ ደንበኛው ስሙን ይለምዳል፤ ለይቶ የሚጠይቀው ሲበዛ ነጋዴው በሌላ አገር ቡና ሊተካው ይቸገራል። ያኔ በዋጋ ድርድሩ ላይ የላኪውና የገበሬው አቅም ከፍ ይላል። የተጠበቀው ገቢ ከፈቃድ ሳይሆን ከራሱ ከፍሬው ዋጋ ነበር።

ይህ ስሌት ሁልጊዜ ይሠራል ማለታችን አይደለም። የቡና ዋጋ አሁንም በአብዛኛው የሚነሣው ከኒውዮርክ ገበያ ነው፤ ስም መመዝገብም ጥራትን አይተካም። እሸቱና ቀዩ ፍሬ ሳይለይ ከተለቀመ፣ ወይም በማድረቂያው አልጋ ላይ በጊዜ ካልተገላበጠ፣ ጠጪው በማሸጊያው ላይ ባነበበው ስም የጠበቀውን መዓዛ በሲኒው ውስጥ አያገኘውም።