መዛግብትን በኮምፒዩተር ስለ ማቆየት

ከጎንደር ተነሥቶ በደባርቅ በኩል የሊማሊሞን ጠመዝማዛ የሚወርድ መንገደኛ ዛሪማን አልፎ አዲ አርቃይ ይደርሳል። ወደ ዋልድባ ገዳም የሚጓዙ ተሳላሚዎችም በዚህችው ከተማ ያልፋሉ። በአካባቢው አድባራትና ገዳማት የሚገኙት የብራና መጻሕፍት የእኅት ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሀብት ቢሆኑም፣ ስለ አጠባበቃቸው የሚነሣው ጥያቄ የእኛንም ቁምስናዎች የጥምቀትና የጋብቻ መዛግብት ይመለከታል። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ አዲ አርቃይ በደረሰ ጊዜ ጉዳዩ የሊቃውንት ብቻ እንዳልሆነ ታይቷል። ሁለተኛ ቅጅ የሌለው መዝገብ በአንድ ሌሊት እሳት ያልቃልና።

ዛሬ ስልክ በየሰው እጅ ስላለ፣ ወጣቶቻችን አንድን መጽሐፍ በቅንነት ገጽ በገጽ ፎቶግራፍ አንሥተው «ተጠብቋል» ይላሉ። እኛ ግን ይህን አነጋገር ልናርመው እንወዳለን። ፎቶግራፉ የሥራው መጀመሪያ ነው፤ ጠባቂ ካልተመደበለት ከብራናው ቀድሞ የሚጠፋው እርሱ ነው። በዐድዋ አጠገብ የሚገኘው የአባ ገሪማ ወንጌል ከ1300 ዓመታት በላይ ቆይቶ ዛሬም ይነበባል። በእንግሊዝ አገር ግን ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ1986 የጥንቱን የዱምዝዴይ መዝገብ 900ኛ ዓመት ለማሰብ በሌዘር ዲስክ ያዘጋጀው ሰፊ ሥራ፣ ሃያ ዓመት እንኳ ሳይሞላው ማንበቢያ መሣሪያው ብርቅ ሆኖበት ባለሙያዎችን እጅግ አድክሟል። በ1086 የተጻፈው ዋናው መዝገብ ያለ መሣሪያ ይነበባል።

ምሳሌ ፍለጋ ባሕር መሻገርም አያስፈልገንም። ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል ሥርዓት የግዕዝን ፊደል የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የላቲን ፊደላትን ቦታ በራሱ መንገድ ይዋስ ነበር። በዚያ ዘመን የተተየበ ስብከት ወይም ቃለ ጉባኤ ዛሬ ሲከፈት፣ የቀድሞው ፎንት ከሌለ፣ ትርጉም የሌለው የላቲን ምልክት ክምር ሆኖ ይታያል። ፋይሉ አልጠፋም፤ ንባቡ ግን ጠፍቷል። እንዲህ ያሉ ፋይሎች በእጁ ያሉት ሁሉ ፎንቱ ሳይጠፋ ወደ ዩኒኮድ ይመልሳቸው፤ በወረቀት የታተመ ቅጅ ካለም አይጣል።

በአገራችን ለዚህ ሙያ የተሻለው አስተማሪ እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ ነው። ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ የደገፉት ይህ ሥራ በሚኒሶታ ኮሌጅቪል ከሚገኙት ቤኔዲክታውያን መነኮሳት ቤተ መጻሕፍት ጋር በመተባበር የተካሄደ ሲሆን፣ ወደ 9000 የሚጠጉ መጻሕፍት ተነሥተውበታል። ቅጅው በአዲስ አበባም በኮሌጅቪልም ተቀመጠ። ይሁን እንጂ ፊልም ብቻውን ዲዳ ነው። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ ለረጅም ዓመታት እያንዳንዱን መጽሐፍ እያነበቡ ይዘቱን ባይዘረዝሩ ኖሮ፣ ተመራማሪ የሚፈልገውን ከዚያ ሁሉ ፊልም መካከል እንዴት ያገኝ ነበር? የካቶሊክ ገዳም የኦርቶዶክስ ወንድሞቹን መጻሕፍት በአደራ መጠበቁም፣ በእኛ አስተያየት፣ ከብዙ የአንድነት ጉባኤዎች የሚበልጥ ፍሬ ነው።

ለመሆኑ ምን ይነሣ? ጀማሪዎች ባዶ የመሰላቸውን ቅጠልና ኅዳግ ይዘሉታል፤ ከስሕተቶች ሁሉ የከፋውም ይህ ነው። በጎንደር ዘመን የርስትና የጉልት ስጦታ፣ ሽያጭና ውርስ ከነምስክሮቹ ስም ይጻፍ የነበረው በወንጌልና በሌሎች መጻሕፍት ባዶ ቅጠሎች ላይ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን የአካባቢው ቤተ መዛግብት ነበረችና። ወንጌሉ በሌላ ደብርም ይገኛል፤ በኅዳጉ ያለው የመሬት ውል ግን ሌላ ቅጅ የለውም። ስለዚህ ከሽፋን እስከ ሽፋን፣ የተቀደደውንም ባዶውንም ሳይመርጡ ማንሣት ይገባል። መጽሐፉ እንዳይሰበር በትራስ ይደገፍ፤ በግድ አይዘርጋ፤ ብልጭታ ሳይሆን የቀን ብርሃን ይበቃል፤ መጠኑ እንዲታወቅም ማስመሪያ በአጠገቡ ይቀመጥ።

ዋናው ምስል ቲፍ በተባለው፣ ዝርዝሩን በማያሳንሰው ዓይነት ይቀመጣል፤ ለንባብና ለመላክ የሚያገለግለው ጄፔግ ከእርሱ ይቀዳል እንጂ በእርሱ ፋንታ አይቀመጥም። የጥንት ጸሐፊ በመጽሐፉ መጨረሻ ስሙን፣ አስጻፊውንና ዘመኑን ያሰፍር እንደ ነበር፣ ያነሣው ሰውም የደብሩን ስም፣ ዕለቱን፣ የቅጠሉን ቍጥርና የፈቀደለትን አለቃ ይመዝግብ። ሦስት ቅጅ ይኑር፦ አንዱ በባለቤቱ ዘንድ፣ አንዱ ለምሳሌ በጎንደር፣ ሦስተኛው ከአካባቢው ርቆ። ሦስቱም ፍላሽ ወይም ሦስቱም ሲዲ አይሁኑ፤ የአንዱ ዓይነት ድክመት ሁሉንም በአንድ ጊዜ እንዳያጠፋ።

የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሕገ ቀኖና በቁጥር 296 እያንዳንዱ ቁምስና የጥምቀት፣ የጋብቻና የሙታን መዝገብ እንዲኖረው፣ ቤተ መዛግብትም እንዲያዘጋጅ ያዛል። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ብራናውን ባለቤቱ ከፈቀደ ለዓለም ማሳየት ይቻል ይሆናል፤ የጥምቀት መዝገብ ግን በሕይወት ያሉ ሰዎችን የልደትና የቤተሰብ ምስጢር ስለያዘ በስልክ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ነገር አይደለም። ቅጅው በቁልፍ ይቀመጥ፤ የሚስጥር ቃሉንም ከቆሞሱ ሌላ አንድ የታመነ ሰው ይወቀው፤ ቆሞስ ይዛወራል፣ ይሞታልም።

በመጨረሻ የሚቀረው ምርመራ ነው። ኮምፒዩተር ለእያንዳንዱ ፋይል ከይዘቱ የሚመነጭ የማረጋገጫ ቍጥር ያወጣል፤ በፋይሉ ውስጥ አንዲት ነጥብ ብትለወጥ ቍጥሩም ይለወጣል። ይህ ቍጥር በመጀመሪያው ቀን ይመዝገብ። ከዚያም በየዓመቱ፣ ጳጉሜን ለዚህ ትመቻለች፣ ሦስቱም ቅጆች ተከፍተው ይመሳከሩ፤ የተበላሸው ከደኅናው ይተካ፤ የመረመረውም ሰው ስሙንና ቀኑን በወረቀት ደብተር ጽፎ ይፈርም።