የዩክሬኗ ዘላይ

ጕልበት ብቻውን ሰውን ለክብር አያበቃም፤ ጕልበት ከትዕግሥት ጋራ ሲተባበር ግን ፍሬው ይታያል። ይህም በያሮስላቫ ማሁቺክ ሥራ ተገልጧል።

ያሮስላቫ በአውሮፓ አቈጣጠር በ2001 ዓ.ም. በዩክሬን አገር በድኒፕሮ ከተማ ተወለደች። ሙያዋ የከፍታ ዝላይ ነው። የዚህ ውድድር ሕግ እንዲህ ነው፤ ዘላዩ በሁለት ምሰሶዎች ላይ የተጋደመውን ዘንግ ሳይጥል መሻገር አለበት፤ ሦስት ጊዜ ተከታትሎ የሳተ ይሰናበታል። ሁለት ሰዎች እኩል ከፍታ ቢሻገሩ፥ በዚያ ከፍታ ስሕተቱ ያነሰው ይቀድማል።

በ2019 በዶሃ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ያሮስላቫ ገና በ18 ዓመቷ 2 ሜትር ከ4 ሳንቲ ሜትር ዘለለች። ማሪያ ላሲትስኬኔም ያንኑ ዘለለች፤ ነገር ግን የያሮስላቫ ስሕተት ስለ በዛ ሁለተኛ ሆነች። በ2021 በተደረገው የቶኪዮ ኦሎምፒክም ሦስተኛ ወጥታ የነሐስ ሜዳልያ ተቀበለች።

በ2022 በየካቲት ወር የሩስያ ጦር በመላ ዩክሬን ላይ ዘመተ። ያሮስላቫም ከተማዋን ትታ በመኪና ሦስት ቀን ያህል ተጕዛ ወደ ቤልግሬድ ደረሰች። በዚያም በመጋቢት ወር 2 ሜትር ከ2 ሳንቲ ሜትር ዘላ በአዳራሽ ውስጥ በሚደረገው የዓለም ሻምፒዮና አሸነፈች። በ2023 ደግሞ በቡዳፔስት የዓለም ሻምፒዮን ሆነች።

የቡልጋሪያዋ ስቴፍካ ኮስታዲኖቫ በ1987 የዘለለችው 2 ሜትር ከ9 ሳንቲ ሜትር ሳይደፈር ብዙ ዘመን ኖሮ ነበር። በ2024 ያሮስላቫ በፓሪስ 2 ሜትር ከ10 ዘላ በለጠችው።

ወር ሳይሞላ በዚያችው ከተማ የኦሎምፒክ ውድድር ተደረገ። ያሮስላቫ ተራዋ እስኪደርስ ድረስ በመኝታ ከረጢት ውስጥ ተጋድማ ኀይሏን ትቈጥብ ነበር። እርሷና የአውስትራልያዋ ኒኮላ ኦሊስላገርስ 2 ሜትር ተሻገሩ፤ ያሮስላቫ ግን በመጀመሪያው ሙከራዋ ስለ ተሻገረች ወርቁ ለእርሷ ሆነ።

እንግዲህ በዶሃ ወደ ኋላ ያስቀራት ሕግ በፓሪስ ወደ ፊት አስቀደማት። ሕጉ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የስሕተቷ ቍጥር ነው። ተማሪም በፈተና ወደ ኋላ ቢቀር መርማሪውን ከመውቀስ ይልቅ የገዛ ስሕተቱን ቈጥሮ ያርም፤ እኩል ከሚያውቁት መካከል የሚቀድመው ጥንቁቁ ነውና።